በገዛ አፏ

ሙዜ ቺሩዛ ይዋሻሉ።

«ጫማዬ አዳልጦኝ ከደረጃ ወደቅኩ ነው የምትለው» ይላሉ ለፖሊሷ በካምፓላ ሰዎች ቋንቋ በሉጋንዳ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። «ከባሏ ጋር ታርቀዋል። ወደ ቤቷ መመለስ ትፈልጋለች።»

ናቢንቱ እንዲህ አላለችም። አጠገቧ ተቀምጫለሁ፤ በእኛው በኮንጎዎቹ፣ በቡካቩ ስዋሂሊ የተናገረችውን አንድም ሳይቀረኝ ሰምቻለሁ። ባሏ የካሳቫ ቅጠል በምትወቅጥበት ዘነዘና ክንዷን መታት። የመጀመሪያውም አይደለም።

ሳጅን ናንቶንጎ ከጠረጴዛዋ ማዶ ታዛጋለች። ስዋሂሊ አትሰማም፤ ናቢንቱ ደግሞ ካምፓላ ከገባች ገና ነው፣ ሉጋንዳ የላትም። ከኮንጎ የመጣ ሰው ፖሊስ ጣቢያው በደረሰ ቁጥር ለትርጉም የሚጠሩት ሙዜ ናቸው። እሳቸው ያሉት የናቢንቱ ቃል ሆኖ ይጻፋል። ባሏ ቢያሙንጉ ከመስኮቱ ወዲያ፣ ማንጎው ጥላ ሥር ቆሞ ቤት ይዟት ሊሄድ ይጠብቃል።

እኔ የመጣሁት ላጅባት ነው። እንደ እሷ ያሉትን ሴቶች ሐኪም ቤት፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ መጠለያ አደርሳለሁ። የምኖረው ግን ኪቴንጌ የሚባለውን ጨርቅ ሸጬ ነው፤ ደንበኞቼ ደግሞ ያገሬ ሰዎች ናቸው። በሰፈራችን ሠርጉም ለቅሶውም ያለ ሽማግሌያችን ያለ ሙዜ ቺሩዛ አይሆንም። እሳቸው ያኮረፉትን ሰው ሰላም የሚለው የለም፣ እንኳን ከሱ ጨርቅ ሊገዛ።

«ኒያቦ» እላለሁ ሳጅኗን በአክብሮት፣ በሉጋንዳ። «እንደሱ አላለችም።»

ሙዜ ወደ እኔ ይዞራሉ፤ ቋንቋቸውን ወደ ስዋሂሊ ይለውጣሉ። «ማማ ኤሊሳ፣ አፍሽን ያዢ።»

«ያላለችውን ነው የተናገሩት፣ ሙዜ።»

«ገበናችንን ለባዕድ ልትዘከዝኪው ነው? ነገ ባሏ ቢታሰር ልጆቿን ማን ሊያበላቸው ነው? አንቺ፣ በዚያች ቁራጭ ጨርቅሽ?»

«አዎ። በዚያች ቁራጭ ጨርቄ።»

ሳጅኗ ጠረጴዛውን በእጇ ትመታለች። «ምን ያጨቃጭቃችኋል? አንቺስ ማን ነሽ? እህቷ ነሽ?»

«ጎረቤቷ ነኝ።»

ሙዜ ይስቃሉ። «ሳጅን፣ ይቺን አትስሚያት። ባሏን ጥላ የሄደች ናት። የራሷን ጎጆ አፍርሳ አሁን በሰው ጎጆ መጣች።»

ፊቴ ይግላል። ሰፈር ውስጥ ከኋላዬ ሲባል ኖሯል፤ ፊት ለፊቴ ሲባል ግን ይህ የመጀመሪያው ነው።

«እውነታቸውን ነው» እላለሁ። «ጥዬው ወጥቻለሁ። መንገዱን የማውቀው ለዚህ ነው።»

ሳጅኗ አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን ታያለች። ቀስ ብላ እስክሪብቶዋን ትከድናለች። «እሳቸው ሌላ ይላሉ፣ አንቺ ሌላ ትያለሽ። የማንን ልያዝ? ሴትዮዋ ራሷ ካልነገረችኝ ምንም ማድረግ አልችልም።»

ለናቢንቱ ሁሉንም እነግራታለሁ፤ ደረጃውን፣ እርቁን፣ የሳጅኗን ቃል። ሽማግሌውን ታያቸዋለች።

«ሙዜ» ትላለች፣ «ክንዴን አሳይቼዎት አልነበር? ‹አይዞሽ ልጄ፣ እኔ እነግርልሻለሁ› ብለውኝ አይደል የመጣሁት?»

ሙዜ ባርኔጣቸውን ያገላብጣሉ። «ላንቺው ብዬ ነው።»

ናቢንቱ ጀርባዋን ትሰጣቸዋለች። «ዳዳ» ትለኛለች፣ እህቴ ማለቷ ነው፣ «‹ባሌ ይመታኛል› በነሱ ቋንቋ እንዴት ነው የሚባለው?»

«ኦምዋሚ ዋንጌ አንኩባ።»

«ደግመሽ በይው። ቀስ ብለሽ።»

እደግምላታለሁ። ዓይኗን ጨፍና በከንፈሯ ትከተለኛለች። ሙዜ «ኧረ ተይ፣ ልጄ፣ ተይ» ይላሉ፤ ተቀምጠው የነበሩት ሰውዬ አሁን ቆመዋል። እሷም ትቆማለች።

«ኦምዋሚ…» ትጀምርና ይጠፋባታል። ልነግራት አፌን ስከፍት በእጇ ታስቆመኛለች። «ኦምዋሚ ዋንጌ… አንኩባ።»

አፍ እንደሚፈታ ሕፃን ነው ያለችው፤ ግን ብላዋለች። ሳጅኗ ቀና ትላለች።

ናቢንቱ ክንዷን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችበትን ጨርቅ ትፈታለች። ያበጠውን፣ የጠቆረውን ክንዷን ጠረጴዛው ላይ ታኖረዋለች። ዘነዘናን በሉጋንዳ ምን እንደሚሉት አታውቅም፤ እኔንም አትጠይቀኝም። ደህናውን እጇን ጨብጣ ታነሣና ቅጠል እንደሚወቅጥ ሰው አየሩን ትወቅጣለች። ደግማ ትወቅጣለች። ከዚያ ጭብጧን ቁስሉ ላይ ታሳርፋለች።

ሳጅን ናንቶንጎ ክንዱን ታያለች። ወዲያው ከወንበሯ ትነሣለች።

«ሴቦ፣ እርስዎ ውጭ ይጠብቁ» ትላለች ሙዜን።

«እኔ እኮ አስተርጓሚዋ ነኝ!»

«አስተርጓሚ የሚያስፈልገው ነገር አላየሁም።»

ራሷ በሩን ከፍታ ታስወጣቸዋለች፤ ኮሪደሩ ላይ የቆሙትንም ሁለት ፖሊሶች ትጠራለች። ባልየውን በጣቴ አሳያቸዋለሁ። በመስኮቱ አያለሁ፤ ፖሊሶቹ ግቢውን አቋርጠው ወደ ማንጎው ይሄዳሉ። ቢያሙንጉ መጀመሪያ ይስቃል፤ ከዚያ እጁን ሲይዙት ሳቁን ያቆማል። ናቢንቱም ታያለች። አታለቅስም። ጨርቁን መልሼ አንገቷ ላይ እስካስር ክንዷን ይዛ ትጠብቀኛለች።

ሳጅኗ ትመለስና እስክሪብቶዋን ትከፍታለች። «ዛሬ የት ታድራለች? ወደ ቤቷ ነው የምትሄደው?»

ልተረጉምላት ወደ ናቢንቱ ዞር ስል፣ ጥያቄው ከሳጅኗ ዓይን ቀድሞ ገብቷታል።

«‹አልመለስም› እንዴት ነው የሚባለው?» ትለኛለች።

እነግራታለሁ። ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠግታ ቃሉን ትለማመደዋለች፤ መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ ከዚያ ድምፅ አውጥታ።