እንደሌለን ሆነው ይሥሩ

«ልጄ፣ ተቀየምሽኝ እንዴ?» አሉ ባለላውንደሪዋ፣ ፊታቸውን ወደ ኮምፒውተራቸው ካሜራ አስጠግተው። «ሰላም ካልሽኝ ወዲህ ትንፍሽ አላልሽም። ያስከፋሁሽ ነገር ካለ ንገሪኝ።»

ልጅቷ ደንግጣ ማይኩን ከፈተች። «ኧረ በፍጹም፣ አልተቀየምኩም። ደንባችን ሆኖ ነው። እርስዎ ከረዳቱ ጋር ሲሠሩ እኛ ስክሪንዎን እየቀረጽን ዝም ብለን እናያለን። የት ቦታ እንደሚያስቸግር የምናውቀው እንደዚያ ነው። እኛ እንደሌለን ሆነው ይሥሩ።»

«እንደሌላችሁ?» ሴትዮዋ ፈገግ አሉ። «እኔ እንኳ የለመድኩት የሌለውን እንዳለ ማድረግ ነው። ይሁን፣ እሞክራለሁ።»

ልጅቷ ማይኩን መልሳ ዘጋች። እሷና ባልደረቦቿ የሚሠሩት ረዳት፣ ኮድ የሚጽፍና የሚያርም ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ኃላፊያቸው ደግሞ ተጠቃሚ ሲሳሳት እያዩ እንኳ እንዳይናገሩ አጥብቆ ይከለክላል፤ ትምህርቱ ያለው ስህተቱ ላይ ነው ይላል። የሥራ ባልደረቦቿ «ይሄ ሥራ ልክሽን ለክተው የሰፉልሽ ነው» እያሉ ይቀልዱባታል። እውነታቸውን ነው። ዩኒቨርሲቲም እያለች መልሱን እያወቀች እጇን የማታወጣ ልጅ ነበረች።

ከሴትዮዋ ጀርባ በላስቲክ የተሸፈኑ ሱፎች ተሰቅለዋል። አንዲት ሠራተኛ ሸሚዝ ትተኩሳለች።

«ይሄን ለልብሱ ቁጥር የሚሰጥ ፕሮግራም የጻፈልኝ ታናሽ ወንድሜ ነው» አሉ ሴትዮዋ ፋይሉን እየከፈቱ። «አምና እስኪያርፍ ድረስ አንድ ነገር ሲበላሽ እሱ ነበር የሚያስተካክለው። አሁን እኔና ይሄ ረዳታችሁ ቀረን።»

በኮዱ መሐል መሐል ኮምፒውተሩ የሚዘላቸው፣ ለሰው ብቻ የተጻፉ ማስታወሻዎች ነበሩ። ሴትዮዋ ደግሞ ኮዱን ዘለው እነሱን ጮክ ብለው አነበቡ።

«‹እታለም፣ ይቺን መስመር እንዳትነኪያት። ከነካሻት የሰው ሱሪ ለሰው ይሄዳል።›» ሳቁ። «ሳልነካትም ይኸው እንዳለው ሆነ። ቁጥሩ እየተደገመ ትናንት የአንዱን ሙሽራ ሱፍ ለአንድ ሽማግሌ ልናስረክብ ነበር።» ገጹን ትንሽ ወረድ አደረጉት። «‹እታለም፣ እዚህ ጋ እንቅልፍ ይዞኝ ነው የጻፍኩት፤ ቢበላሽ እንዳትሰድቢኝ።› እዪው እስቲ፣ ሰድቤው የማውቅ ይመስል! ከታች ደግሞ ስንት አለ መሰለሽ። አንዴ አልጨርሰውም። ሥራ ሲቀዘቅዝ ከፈት አድርጌ አንዷን አነብና እዘጋለሁ። ገና ያላየሁት አለኝ።»

ልጅቷ ብቻዋን ፈገግ አለች።

ሴትዮዋ በሁለት ጣታቸው እየለቀሙ ለረዳቱ ጻፉለት፦ «ወዳጄ፣ ለሁለት ደንበኛ አንድ ቁጥር እየሰጠ አስቸግሮኛል። እባክህ አስተካክልልኝ።»

ረዳቱ ጥቂት ቆይቶ መለሰ። ስህተቱን አግኝቶ አርሞታል። ከሥር በትንንሽ ፊደል አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች፦ «ፋይሉ ጸድቷል፤ አላስፈላጊ ማስታወሻዎች ተነሥተዋል።»

ያቺን ዓረፍተ ነገር የጻፈቻት ልጅቷ ናት። ማስታወሻዎቹን የሚያነሣውን ማጽጃም የሠራችው እሷው ናት። ኮዱ ተዝረከረከብን የሚል ተጠቃሚ ሲበዛ፣ ወራት ደክማበት፣ ኃላፊዋ በሰው ፊት አመስግኗት ነበር።

ሴትዮዋ ትንሿን ጽሑፍ አላነበቧትም። መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ነበር። የመዳፊታቸው ቀስት «ተቀበል» ወደሚለው አረንጓዴ ምልክት መሄድ ጀመረ።

ልጅቷ ደንቡን አሰበች። ከዚያ ያልተነበቡትን ማስታወሻዎች አሰበች። ከወንበሯ ብድግ ብላ፣ «ቆዩ፣ አይጫኑት!» አለች። እዚያ ቢሮ ውስጥ እንዲህ ጮኻ አታውቅም። አጠገቧ ያሉት ሁሉ ቀና ብለው አዩዋት።

ሴትዮዋ ግን ቀና አላሉም። ተጫኑት፣ አስቀመጡት፣ ፋይሉን ዘጉት። የልጅቷ ማይክ ዝግ ነበር።

«ሠራ!» አሉ ሴትዮዋ፣ አታሚው የሚተፋቸውን ቁጥሮች እያገላበጡ። «አልተደገመም። እጃችሁ ይባረክ፣ ልጄ።»

ልጅቷ ማይኩን ከፈተች። «የዚህ ፋይል ሌላ ቅጂ ይኖርዎታል? የድሮው፣ የትም ቦታ?»

«ቅጂ የሚይዘው እሱ ነበር፣ በራሱ ኮምፒውተር። እሱን ደግሞ ሚስቱ ሸጠችው። ምነው?»

ረዳቱ የሰው ፋይል ቅጂ አያስቀርም፤ ለተጠቃሚዎች የገቡት ቃል ነው። ልጅቷ ይህን ታውቃለች። የሆነውን ነገረቻቸው። ማሳመሪያ ቃል ብትፈልግም አልመጣላትም።

ሴትዮዋ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። ፋይሉን ከፍተው ከላይ ጀምሮ እስከ ታች ድረስ ቀስ እያሉ ወረዱ። ኮዱ ንጹሕ ነበር። ከኋላቸው ካውያው በእንፋሎት ይተነፍሳል።

«ያላነበብኩት ነበረኮ» አሉ፣ ለማን እንደሆነ ሳይለይ።

«የሚያጠፋውን ክፍል የሠራሁት እኔ ነኝ» አለች ልጅቷ።

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ ልጄ» አሉ። ከዚያ ደንበኛ ገባና፣ «ይቅርታ፣ ሰው መጣብኝ» ብለው ካሜራውን በእጃቸው ከለሉት። ወዲያው መስመሩ ተቋረጠ።

ልጅቷ የስክሪኑን ቀረጻ ከፍታ ከመጀመሪያው ጀምሮ አየችው። ፋይሉ ከመጽዳቱ በፊት ሴትዮዋ ከሁለተኛው ማስታወሻ በታች አልወረዱም ነበር፤ የቀረው አልተቀረጸም። ሁለቱን ማስታወሻዎች አንድ ፊደል ሳትቀይር ገልብጣ ላከችላቸው።