መሪጌታ በበርኖሳቸው ውስጥ የደበቁት ነገር

"መሪጌታ፣ በርኖስዎ ውስጥ የሚበራው ምንድን ነው?"

"ምንም አይደለም።"

ወይዘሮ ጥሩሸዋ ግን አላመኑም።

ሠላሳ ዓመት በትዳር ሲኖሩ ባለቤታቸው መሪጌታ ኃይለ ኢየሱስ ዋሽተዋቸው አያውቁም። ለዚህም ነው መዋሸት የማይችሉበት። ጆሯቸው ቀልቶ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ኅዳር ላይ ነው...

ከደብረ ብርሃን በመጣው አውቶቡስ አንዲት ትንሽ እሽግ መሪጌታ ወደሚኖሩባት ወደ ቀየት ከተማ ደረሰች። መሪጌታ ከረዳቱ እጅ ተቀብለው ብብታቸው ስር ወሸቋት።

ከዚያ ወዲህ እኚያ የተከበሩ የድጓ መምህር ሌላ ሰው ሆኑ።

ከቅዳሴ መልስ ከጭድ ክምሩ ጀርባ ይቀመጣሉ። በርኖሱን እስከ አፍንጫቸው ይከናነባሉ። ከውስጥ ሁለት አውራ ጣቶቻቸው ሲንቀሳቀሱ ብቻ ይታያል።

አንዳንዴ "ወይኔ" ይላሉ... አንዳንዴ ለብቻቸው ይስቃሉ።

ጎረቤታቸው ኮከብ፣ ነገር ማሟሟቅ የምትወደዋ፣ ፍርዷን ሰጠች።

"እትዬ ጥሩሸዋ፣ ሁለተኛ ስልክ ነው። ሁለተኛ ስልክ የያዘ ወንድ ደግሞ..."

"ተይ አንቺ፣ መሪጌታ እኮ ናቸው።"

"እኔ ምን አልኩ?"

ምንም አላለችም። ግን ያ ያላለችው ነገር ወይዘሮ ጥሩሸዋን እንቅልፍ ነሳቸው።

ወደ ንስሐ አባታቸው ወደ አባ መርስዔ ኃዘን ሄዱ።

"አባ፣ ባለቤቴ ምን ሆነው ነው?"

አባ መስቀላቸውን አሳለሟቸው።

"ልጄ፣ ቀኖናቸውን እስኪጨርሱ ታገሺ። ከዚህ በላይ አይጠየቅም።"

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የባሰበት...

ካህን የተነገረውን ኑዛዜ እንደማያወጣ ወይዘሮ ጥሩሸዋ ያውቃሉ። ቀኖናንም ያውቃሉ። ጥቂት ስግደት ነው፤ ጥፋቱ ከበድ ካለ ጾም ይታከልበታል። የመሪጌታ ግን ይኸው ሁለት ወር ሊሞላው ነው።

እንዲህ የማያልቅ ቀኖና የሚሰጠው ለምን ዓይነት ኃጢአት ነው?

ጠያቂዋም መላሿም እሳቸው ሆኑ። ሴት አለች። ምናልባትም ልጅ አለ።

ልብሳቸውን ሻንጣ ውስጥ ከተቱ። ዘመሮ ከተማ፣ ወንድማቸው አስፋው ዘንድ ሊገቡ ቆረጡ።

ከመሄዳቸው በፊት ግን የሴትዮዋን ፎቶ በዓይናቸው ማየት ፈለጉ። ቀስ ብለው ከክምሩ ጀርባ ዞሩና በርኖሱን ገልጠው እቃውን ነጠቁ።

ስልክ አይደለም።

መዳፍ የምታክል ነገር ናት። በግራ በኩል የመስቀል ቅርጽ ያለው ቁልፍ፣ በቀኝ ሁለት ክብ ቁልፎች አሏት። ስክሪኗ ላይ አንድ ድንክ ሰውዬ ገደል አፋፍ ላይ ቆሟል።

የወይዘሮ ጥሩሸዋ ጣት ሳያስቡት ቁልፉን ነካ... ሰውዬው ዘለለ... ገደል ገባ።

"ገደልሽው" አሉ መሪጌታ ጭንቅላታቸውን ይዘው። "የመጨረሻዋ ነፍሱ ነበረች።"

"ማን ነው እሱ?"

"ጌም ነው። የድሮ የዝላይ ጌም። ሰባተኛው ደረጃ ብቻ አሥራ አንድ ቀን ፈጅቶብኛል። አሁን ከሀ መጀመሬ ነው።"

ወይዘሮ ጥሩሸዋ ይሳቁ ይቆጡ ግራ ገባቸው።

"በዚህ ዕድሜዎ?"

መሪጌታ አቀረቀሩ። እንባቸው መጣ።

"ያቃጠልኳትን ታስታውሻለሽ?"

ያስታውሳሉ እንጂ... ሁለት ዓመት ሆነው። ልጃቸው ሰለሞን ዜማ ሲማር ድጓው ስር እንዲህ ያለች መጫወቻ ደብቆ ተገኘ። መሪጌታ "የሰይጣን ሳጥን" ብለው እሳት ውስጥ ጣሏት። ልጁ በማግስቱ ደብረ ብርሃን ገባ። ከእናቱ ጋር በስልክ ያወራል፤ የአባቱን ድምፅ ከሰማ ግን ይዘጋል።

"ለአባ ተናዘዝኩ" አሉ መሪጌታ። "ስግደት ያዙኛል ብዬ ስጠብቅ 'ያቃጠሉት ነገር ምን ነበር?' አሉኝ። 'አላውቅም' አልኩ። 'እንግዲያው ቀኖናዎ ማወቅ ነው። አንድ ያስመጡና ይጫወቱት። መጨረሻው ሲደርሱ ለልጅዎ ይደውላሉ' አሉኝ።"

"ታዲያ ምን አገኙበት?"

"መጀመሪያ ናቅሁት። ወደ ቀኝ መሮጥና መዝለል ነው። ኋላ ግን... ቀድመሽ ብትዘዪ ትወድቂያለሽ፣ ዘግይተሽም ትወድቂያለሽ። ልክ እንደ ወረብ ነው፤ ከበሮውና እግርሽ ካልገጠሙ አይሆንም። ልጁ ዜማ የሸሸ መስሎኝ ነበር... ጆሮ ነበረው። እኔ ነኝ ያላየሁለት።"

ወይዘሮ ጥሩሸዋ የራሳቸውን ስልክ አውጥተው ደወሉና ለባላቸው አቀበሉ።

"ገና አልጨረስኩም እኮ..."

"ይያዙ።"

"እማዬ?" አለ ሰለሞን።

መሪጌታ ለይቅርታ ስንት ቀን ያሰናዱት ቃል ሁሉ ጠፋቸው።

"ልጄ... ሰባተኛው ላይ፣ ያቺ ወዲያ ወዲህ የምትሄደው ሳንቃ... እንዴት ነው የሚዘለልባት?"

ልጁ ሊዘጋው ነው ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ...

"አባባ..." አለ ልጁ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። "ስንት ነፍስ ቀረዎት?"

"አንድም። እናትህ ጨረሰችው።"

በስልኩ ውስጥ ሳቅ ተሰማ። ቀጥሎ ሦስቱም አለቀሱ።

ወዳጆቼ... መቶ ጊዜ መስገድ ይቻላል። ከባዱ፣ ልጅህ ፊት ዝቅ ብለህ "አልገባኝም፣ አስረዳኝ" ማለት ነው። የምንወደውን ሰው ነገር ሳናውቀው አናቃጥል። ደግሞ የተደበቀ ሁሉ ሴት አይደለም፤ ኮከብ ይህን ካነበብሽ ላንቺ ነው።

እስቲ እናንተ ንገሩኝ... ሳይገባችሁ የናቃችሁት የልጃችሁ ወይም የወንድማችሁ ነገር ምን ነበር? ዛሬ ብትደውሉለት መጀመሪያ ምን ብላችሁ ትጠይቁታላችሁ?