ቆሜ የሰማሁት መርዶ

የልብ ጠባሳ በኤምአርአይ እየታየ ሞት መተንበይ ከተጀመረ ወዲህ፣ ውጤቱን ለታማሚው የሚያረዱት በሕግ የተሰየሙ ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው። እኔም ዘንድ በማለዳ መኝታ ቤቴ ድረስ መጡ።

"አቶ ደምመላሽ፣ ይቀመጡ" አሉኝ መሪያቸው አቶ ኃይለ ልዑል፣ በገዛ ቤቴ።

"ቆሜ እሰማለሁ።"

"ባለፈው የያዘዎት ጉንፋን የልብዎን ጡንቻ አስቆጥቶ ጠባሳ ጥሎበታል። እንዲህ ያለ ምስል ካላቸው መቶ ሰዎች ሰባው ዓመቱን አይጨርሱም።"

"ሠላሳዎቹስ?"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። "ይህን የጠየቀን ሰው የለም።"

"እኔ ጠየቅኋችሁ። መድኃኒቴን በሰዓቱ እወስዳለሁ፤ በቀጠሮዬም እገኛለሁ። ከሠላሳዎቹ አንዱ ለመሆን ወስኛለሁ።"

ወደ ሳሎን ብወጣ፣ ቀድሞ የተነገራት ባለቤቴ የውብዳር ወንበሮቹን አስወጥታ፣ ለለቀስተኛ ፍራሽ ዘርግታ፣ ጥቁር ለብሳ ተቀምጣለች።

"የውቤ፣ ተነሺ።"

"ሦስት ቀን መቀመጥ ደንብ ነው እኮ!"

"ለማን ነው የምትቀመጪው?"

ቀና ብላ አየችኝ። "አንተ ሰውዬ፣ በገዛ ለቅሶህም ታዛለህ?"

"እስካለሁ ድረስ አዛለሁ። በይ፣ ያንን ጫፍ ያዢ።"

ፍራሹን አብረን ጠቀለልነው። እንባዋ እላዩ ላይ ይንጠባጠብ ነበር፤ እጇ ግን አልለቀቀም።