ወፍጮ ቤት የተለጠፈው ጥያቄ

«ቲቸር፣ ወረቀትሽን አበላሹብሽ፤ ብከለክላቸውም አልሰሙኝ» አለ የቡሌ ከተማው ባለወፍጮ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ለመምህሯ እያሳያት።

«መንገዱ ዞሮት የሚያልፈውን ዛፍ ለምን አልቆረጡትም?» ብላ ኢንተርኔት ፍለጋ ዲላ ወርዳ ብሎጓ ላይ ከጻፈች ወር አልፏት ነበር። አንድም ሰው አልመለሰላትም። ብሎጉን ከመዝጋቷ በፊት ጽሑፉን ፕሪንት አስደርጋ እዚህ የለጠፈችው እስቲ ልሞክረው ብላ ነው።

አሁን ዳር ዳሩ በእስክርቢቶ ተሞልቷል። አንዱ «መብረቅ ስለማይነካው ነው» ሲል፣ ሌላው ከሥሩ «ውሸት! ሁለቴ መትቶታል» ብሎታል። እየሳቀች ወደ ታች ማንበቧን ቀጠለች። መጨረሻ ላይ በልጅ እጅ ጽሑፍ፣ «እኔ ማንበብ አልችልም፤ አነበቡልኝ። ዛፉን የተከልኩት እኔ ነኝ። ነይና ልንገርሽ» ይላል። ከጎኑ የአውራ ጣት አሻራ አለ። ብትነካው ቀለሙ ጣቷ ላይ ቀረ።