የመልቀቂያዋ ቁልፍ

ግንበኛው ፓምፑን ጨብጦ ቢዳብስ ቢዳብስ የመልቀቂያዋ ቁልፍ አልገኝ አለችው። ከፓምፑ ጋር ተያይዘው ጠረጴዛው ላይ የተጋደሙት ሁለት የሲሊኮን ቱቦዎች ውሃ ሞልቷቸው ቀጥ እንዳሉ ቀሩ። ማቆሙ አልከበደውም፤ ማስተኛቱ ነው ያቃተው። ስኳር በሽታ ወንድነቱን ከነጠቀው ወዲህ ያለው ተስፋ ይኼ ብቻ ነበር፤ ልክ እንደዚህ ያለው መሣሪያ በቀዶ ጥገና ሰውነቱ ውስጥ ይገባል፤ ፓምፑም ከቆዳው ሥር ሆኖ በዳበሳ ይታዘዛል። ሐኪሙ ግን አስቀድሞ ቁርጡን ነግሮታል፦ "በእጁ ማዘዝ ላልቻለ ሰው አልገጥምም።"

"አይቸኩሉ፣ ጋሼ" አለው ሐኪሙ። ቁልፏን ለማሳነስ ዓመታት የለፋው እሱ ራሱ ነው፤ የሞከራት ግን በገዛ ለስላሳ ጣቶቹ ነበር። የግንበኛው ጣቶች ድንጋይ ሲጠርቡ ኖረው ደንዝዘዋል። አጠገቡ የተቀመጠችውን ሚስቱን ላለማየት አንገቱን እንደደፋ አንዴ ጫን፣ አንዴ ቆንጠጥ አደረገ። ቱቦዎቹ ንቅንቅ አላሉም።

"በቃ፣ ይቅርብኝ" አለና ፓምፑን ወደ ሐኪሙ ገፋው።

ሐኪሙ ጋ ሳይደርስ የሚስቱ እጅ ቀለበው። ቦርሳዋን ከጭኗ ላይ አወረደች፤ ዓይኗን ጨፍና ፓምፑን በሁለት ጣቷ ዳሰሰችው። ቱቦዎቹ ቀስ እያሉ ለዘቡ፤ ከዚያም ተኙ።

ሐኪሙ ጉሮሮውን ጠረገ። "እሱስ ጥሩ ነው፣ እትዬ። ግን ብቻቸውን ሲሆኑ እንዴት ሊያደርጉት ነው?"

ሴትየዋ ዓይኗን ገለጠች።

"ብቻውን ሲሆንማ ምን ያደርግለታል፣ ዶክተር?"