የእማዬ ማንኪያ

ይሄ ገበታ ተብዬ ማሽን ቤታችን ገብቶ ደማችንን እያነበበ ለየብቻ ምግብ መመደብ ከጀመረ ወዲህ፣ እኔና እማዬ ከአንድ ትሪ በልተን አናውቅም። ለእሷ የአኩሪ አተር ሽሮ ይመደብላታል፤ ኮሌስትሮሏን አውርዶላታል። እኔ ግን ከቀመስኩት ጉሮሮዬ አብጦ ትንፋሽ ያጥረኛል።

ዛሬ ሥራ ማግኘቴን ስነግራት እልል አለች። በደስታ ራሷን ረስታ ከትሪዋ ጉርሻ ጠቀለለችና አፌ ላይ ደቀነችው።

«በሞቴ፣ ጉረሺልኝ!»

አፌም ከልጅነቱ ለምዶ ተከፈተ። ሽሮው ከንፈሬን ሊነካ ሲል ገበታው ጮኸ። የእማዬ እጅ አየር ላይ ቀረ።

«አልነካኝም እማ፣ ደህና ነኝ» አልኳት።

ጉርሻውን ትሪዋ ላይ መለሰችው። እጇን ደጋግማ ታጥባ ተመለሰች፤ ግን ወደ እንጀራው አልዘረጋችውም።

«ማንኪያ ስጪኝ» አለችኝ። «ይሄን እጄን ከእንግዲህ አላምነውም።»