ሳይነበብ የቆየ ስም

በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ በአገራችን በብልባላ የምንማርበት ሰሌዳ ትንሽ ነበር። እኛ እናቶች ፊደል የለየነው የልጆቻችንን ስም እየጻፍን ነው። ሰሌዳው ሲሞላ ልጅ እግሯ መምህራችን አንድ ስም አጥፍታ በቦታው አዲስ ትጽፋለች።

"የሚጠፋውን በምን ትመርጪዋለሽ?" አልኋት።

"ብዙ ጊዜ ያልተነበበውን ነው የማጠፋው። አይስጉ፣ እትዬ፤ ሲፈልጉት መልሼ እጽፈዋለሁ።"

እኔ የማነበው ጦር ሜዳ የሄደውን የልጄን የደርበውን ስም ብቻ ነበር። ጎረቤቴ ገለቴ ሳቀችብኝ። "አንቺ ሴትዮ፣ ሌላ አልወለድሽም እንዴ?"

ወልጃለሁ። ሴት ልጄ ይመኙሻል አብራኝ ናት። ቤት ያለ ሰው ምን ይሆናል ብዬ ስሟን ሳላነበው ሰነበትሁ። አንድ ቀን ከሰዓት መምህሯ ስሟን በመዳፏ ጠርጋ የሌላ እናት ልጅ ስም ጻፈችበት።

ቤት ስገባ ምድጃው በርዷል። ባሌን "ይመኙሻል ወዴት ሄደች?" አልሁት።

"እሷ ደግሞ ማን ናት?" አለኝ። እየቀለደ አልነበረም። መደቡ ላይ መኝታዋ የለም። ቀሚሷን የምትሰቅልበት ችካል ከግድግዳው የለም፤ የተተከለበት ቀዳዳ እንኳ የለም።

እየሮጥሁ ወደ ሰሌዳው ተመለስሁ። ሴቶቹ ገና አልተነሡም።

"ልጄን መልሺልኝ" አልኋት።

መምህሯ ጠመኔዋን አነሣች። "እመልሳታለሁ፣ እትዬ። ሰሌዳው ግን ሞልቷል።" ወደ ስሞቹ ዞረች። "ሳይነበብ የቆየው የማን ነው?"

ሴቶቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ የልጆቻቸውን ስም ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። እኔም አፌ ቀድሞኝ "ደርበው፣ ደርበው" እል ነበር።